«የጽሕፈት መኪና አይደለም»፦ ኮምፒውተር «አልችልም» ማለትን እንዴት ተማረ?

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ ሰካችሁ እንበል። ፍላሹ እንደ ብዙዎቹ ፍላሾች ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ነው። እዚያ ላይ ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክት አቋራጭ፣ ባለሙያዎቹ ሲምቦሊክ ሊንክ የሚሉትን፣ ለመፍጠር ትእዛዝ ትጽፋላችሁ። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ይመልስላችኋል፤ ትርጉሙ «ድርጊቱ አልተፈቀደም» ነው።

እንዴት አልተፈቀደም? ፍላሹ የራሴ፣ ኮምፒውተሩም የራሴ! ትሉና ሱዶ የምትባለዋን ቃል ከትእዛዙ ፊት ጨምራችሁ፣ ማለትም ሁሉ የሚፈቀድለት አዛዥ ሆናችሁ፣ ደግማችሁ ትሞክራላችሁ። መልሱ ያው ነው፦ አልተፈቀደም። ከዚህ በኋላ ሰው እንደየጠባዩ ነው። አንዱ የፈቃድ ቅንብሩን ሲነካካ ያመሻል፣ ሌላው ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

ነገሩ ግን ከፈቃድ ጋር ምንም አያገናኘውም። ፋት ከዶስ ዘመን የወረስነው የፋይል አደረጃጀት ነው፤ ሲምቦሊክ ሊንክን የሚመዘግብበት ቦታ ድሮውንም አልተበጀለትም። ማንም ቢያዝ አይሠራም። ኮምፒውተሩ ማለት የነበረበት «ይሄ ፍላሽ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም» ነው። ያለው ግን «አልፈቅድልህም» ነው።

ጉዳይ ለማስፈጸም መሥሪያ ቤት የሄደ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። «ባለጉዳዩ አንተ ስላልሆንክ አይሰጥህም»፣ «ቅጹን አበላሽተህ ሞልተሃል»፣ «በዚህ መስኮት አይደለም»፣ «እንዲህ ያለ አገልግሎት እኛ ጋ የለም»፣ «ነገ ተመለስ»። አምስቱም «አይሆንም» ናቸው። ቀጥሎ የምታደርጉት ግን በአምስቱም ይለያያል። አገልግሎቱ ጭራሹን የሌለበት ቦታ «ባለጉዳዩ አይደለህም» የተባለ ሰው፣ ውክልና ሲያጽፍና ሲያጸድቅ ይከርማል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛ ስርዓተ ክወና የምንለው፣ እነዚህን «አይሆንም»ዎች የሚለያቸው በቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር ለየትኛው «አይሆንም» ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ግን ሲያወዛግብ ኖሯል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስህተት ሲፈጠር፣ ጩኽ

በ1969 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል ውስጥ ያለው ቤል ላብስ መልቲክስ ከሚባል ግዙፍ የስርዓተ ክወና ፕሮጀክት ወጣ። እዚያ ይሠሩ የነበሩት ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ግን ሐሳቡን አልተዉትም። በአንዲት አነስተኛ ፒዲፒ-7 ኮምፒውተር ላይ የራሳቸውን ቀለል ያለ ስርዓት መገንባት ጀመሩ። ዩኒክስ የሚባለው እሱ ነው። ዛሬ ሊኑክስ፣ ማክኦኤስና አንድሮይድ አሠራራቸውን የወረሱት ከእሱ ነው።

የመልቲክስ መሐንዲስ የነበረው ቶም ቫን ቭሌክ የሚያወራው አንድ ገጠመኝ አለ። ለመልቲክስ ከሚጽፈው ኮድ ግማሽ ያህሉ ስህተት ሲፈጠር ምን ይደረግ የሚለውን የሚመለከት መሆኑን ለሪቺ ይነግረዋል። ሪቺ ደግሞ እኛ ያንን ሁሉ ትተነዋል አለው። ከባድ ስህተት ከመጣ ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ ያኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥተህ አስነሱት ብለህ ትጮኻለህ! ሁሉም ተጠቃሚ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን እንዲህም ይኖራል።

ለትንንሾቹ ስህተቶችም ቢሆን ነገሩ ቁጥብ ነበር። ኅዳር (ኖቬምበር) 3 ቀን 1971 የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ አንድ ፕሮግራም ስርዓቱን አንድ ነገር ጠይቆ ካልተሳካ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች አንዲት ቢት ትበራለች። በቃ። አንድ ቢት ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምትችለው፦ ሆነ፣ አልሆነም። ለምን አልሆነም ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

ለምን የሚለውን የሚመልሱት ቁጥሮች ቀስ በቀስ መጡ። በ1975 የወጣው ስድስተኛው እትም ላይ ስንደርስ ሠላሳ ገደማ ቁጥሮች፣ ከነስማቸውና ከነማብራሪያቸው፣ ተዘርዝረው እናገኛቸዋለን። ስሞቹ ሁሉ በእንግሊዝኛው ኢ ይጀምራሉ፤ ኤረር፣ ስህተት፣ ለማለት ነው። ቁጥር 2፣ ኢ-ኖኤንት፦ እንዲህ የሚባል ፋይል የለም። ቁጥር 22፣ ኢ-ኢንቫል፦ የሰጠኸኝ ነገር ልክ አይደለም። ቁጥር 1 ደግሞ ኢ-ፐርም ነው። የመመሪያው ማብራሪያ ባለቤቱም የበላይ ተጠቃሚውም አይደለህም የሚል ነበር። በገዛ ፍላሻችሁ ላይ የመጣባችሁ ቁጥር እሱ ነው። በገዛ ንብረታችሁ ባለቤት አይደላችሁም ተባላችሁ ማለት ነው።

አንዷን ቁጥር ግን ነጥለን ማየት አለብን።

ቁጥር 25

የዩኒክስ ትልቁ ሐሳብ ሁሉም ነገር ፋይል ነው የሚል ነበር። ዲስክ ላይ ያለው ደብዳቤ ፋይል ነው፣ ማተሚያውም ፋይል ነው፣ የቴፕ ማጫወቻውም፣ ተጠቃሚው የተቀመጠበት ተርሚናልም። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ትከፍታለህ፣ ታነባለህ፣ ትጽፋለህ። ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። ሁሉም ፋይል ቢባልም ሁሉም ፋይል ሁሉን ነገር አይችልም። ተርሚናል ፍጥነት አለው፣ ደብዳቤ ፍጥነት የለውም። ዲስክ ላይ ያለን ፋይል ወደ መሃሉ ዘሎ ማንበብ ይቻላል፤ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላው እንደ ቧንቧ የሚፈስ መረጃ ላይ ግን መዝለል ትርጉም የለውም። (ለዚህኛው የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ 29።)

ታዲያ የደብዳቤ ፋይልን ፍጥነትህ ስንት ነው ብትሉት ምን ይመልስ?

የዚያ ዘመን ተርሚናል ስክሪን ያለው እንዳይመስላችሁ። ቴሌታይፕ ሞዴል 33 የሚባለው ማሽን ቁመናው የጽሕፈት መኪና ነው፤ የሚጽፈው ወረቀት ላይ ነው፣ በሰከንድ 10 ፊደል ያትማል፣ ትልልቆቹን የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ያውቃል፣ ጫጫታውም ለጉድ ነው። ፕሮግራመሮቹ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡት እሱ ፊት ነበር። የተርሚናሉን ጠባይ የሚጠይቁና የሚቀይሩ ሁለት ትእዛዞች አዘጋጁለት። ትእዛዞቹ ተርሚናል ባልሆነ ፋይል ላይ ከተጠሩ ስርዓቱ ቁጥር 25ን ይመልሳል። ስሙ ኢ-ኖት-ቲቲዋይ ነው፤ ቲቲዋይ የቴሌታይፕ ምሕፃር ነው። መልእክቱም ሲተረጎም «የጽሕፈት መኪና አይደለም»።

በ1975 ይሄ ድንቅ መልስ ነበር። እውነት ነው፣ አጭር ነው፣ ጥፋቱ የት እንደሆነም በትክክል ይናገራል። አልፈቀድኩም አላለም፣ ቅጹን አበላሽተሃል አላለም። መስኮት ተሳስተሃል ነው ያለው።

ችግሩ የመጣው በ1979፣ ሰባተኛው እትም ሲወጣ ነው። መሣሪያዎች በዙ፣ እያንዳንዱም የራሱ ልዩ ጠባይ አለው። ለሁሉም የየራሱን ትእዛዝ ከመፍጠር ይልቅ አይኦ-ኮንትሮል የሚባል አንድ የጋራ በር ተከፈተ። ለቴፕም፣ ለዲስክም፣ ኋላም ለካሜራና ለድምፅ ካርድ፣ ልዩ ጥያቄ ሁሉ በዚያ በር ይገባል። መሣሪያው የማያውቀው ጥያቄ ሲመጣ ምን ይመለስ? ያው የድሮዋ 25! እናም የቴፕ ማጫወቻ ላይ የማይሠራ ነገር የጠየቀ ሰው «የጽሕፈት መኪና አይደለም» ይባል ጀመር። ሰውዬው መቼ ነው ነው ያለው?

ይባስ ብሎ ደግሞ ይህች መልእክት ምንም ባልተያያዘ ቦታ ትከሰት ነበር። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም አንድ ነገር ሊያትም ሲል የቋንቋው ቤተ መጻሕፍት አስቀድሞ የሚያጣራው ነገር አለ። ጽሑፉ የሚሄደው ሰው ወደተቀመጠበት ተርሚናል ከሆነ መስመር በመስመር ወዲያው ይልከዋል። ወደ ፋይል ከሆነ ግን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መጻፍ ይቀለዋል። ስለዚህ ተርሚናል ነህ ወይ? ብሎ ይጠይቃል፣ ፋይሉም 25 ይላል። እዚህ ላይ 25 ስህተት አይደለም፤ ለጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ቁጥሩ ግን የሚጻፈው ሁሉም ስህተት በሚጻፍበት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ማንም ሳይጠርግ እንደተወው ጥቁር ሰሌዳ። ቆየት ብሎ ሌላ ነገር ሲበላሽ ጥንቃቄ የጎደለው ፕሮግራም ሰሌዳው ላይ ያለውን አንብቦ ለተጠቃሚው ያቀርባል። ኢሜይል ልኮ ደብዳቤህ አልደረሰም፣ ምክንያቱም የጽሕፈት መኪና አይደለም የሚል መልስ የደረሰው ሰው ምን ይበል?

የመልእክቱ ቃላት በኋላ ተቀየሩ። ዛሬ ሊኑክስ ላይ የምታዩት «ለዚህ መሣሪያ የማይሆን አይኦ-ኮንትሮል» የሚል ነው። ቁጥሩና ስሙ ግን እንዳሉ ናቸው።

መግደል ወይስ መንገር?

ሌላም ዓይነት «አልችልም» አለ። ጥያቄው ራሱ በስርዓቱ ውስጥ ጭራሹን ከሌለስ? በስድስተኛው እትም ላይ የሌለ የስርዓት ጥሪ የጠራ ፕሮግራም የስህተት ቁጥር አይደርሰውም ነበር። የሚደርሰው የሞት ምልክት ነው፤ እዚያው ይገደላል። የሌለ ነገር የጠራ ፕሮግራም አብዷል ብሎ መገመት ያኔ ምክንያታዊ ነበር። ያሉት ማሽኖች ጥቂት፣ የሚያውቋቸውም ሰዎች ጥቂት ናቸውና።

ዓለም ስትሰፋ ግን ግምቱ አልሠራም። ዛሬ የተጻፈ ፕሮግራም የአምስት ዓመት ዕድሜ ባለው ስልክ ላይ ሊሮጥ ይችላል። አዲሱን ዘዴ መሞከር ይፈልጋል፤ ከሌለ ደግሞ በአሮጌው መሥራት። ከተገደለ እንዴት ይሞክራል? ስለዚህ ኢ-ኖሲስ መጣ፣ በሊኑክስ ቁጥር 38፦ ይሄ ጥሪ እዚህ የለም። የሊኑክስ ከርነል ባለሙያዎች ይህች ቁጥር ለሌላ ለምንም እንዳትውል አጥብቀው ይጠብቋታል። ኮድ የሚፈትሸው መሣሪያቸው እንኳ አንድ ሰው ለሌላ ጉዳይ ሲጠቀምባት ካየ ያስጠነቅቃል። ጥንቃቄያቸው ገብቶኛል። ይህን ቁጥር የሰማ ፕሮግራም ያንን ዘዴ እስከ መጨረሻው ሊተወው ይችላል፤ ችግሩ የአንድ ፋይል ብቻ ከነበረ ግን ዘዴውን መተው ኪሳራ ነው።

ትክክለኛ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ማየት ከፈለጋችሁ ከ1975 ጀምሮ ያለችውን ቁጥር 18 ተመልከቱ፣ ኢ-ኤክስዴቭን። አንድን ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ስታዛውሩ፣ ሁለቱም አንድ ዲስክ ላይ ካሉ ስሙን ብቻ መቀየር ይበቃል፤ ጊጋባይት ቢሆንም ቅጽበት ነው። ወደ ፍላሽ ከሆነ ግን ስም መቀየር አይቻልም፣ ዲስኩ ሌላ ነው። ስርዓቱ 18 ይላል። የማዛወሪያው ፕሮግራም ይህን ሲሰማ ለእናንተ ምንም ሳይተነፍስ ፋይሉን ይገለብጥና ዋናውን ያጠፋል። እናንተ የምታዩት ትንሽ መዘግየት ብቻ ነው። ስህተት ተፈጥሯል፣ ግን ማንም አላወቀም፤ ቁጥሩ ቀጥሎ ምን ይደረግ ለሚለው በቂ መልስ ሰጥቷልና። ለኔ ከሁሉም ቁጥሮች ቆንጆዋ እሷ ናት።

የ2012 ጠብ

የኢ-ኢንቫል፣ የቁጥር 22 ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሰጠኸኝ ልክ አይደለም የሚል መልስ ለሁሉ ነገር ይስማማል፤ ስለዚህ ምን እንደሚመልስ የቸገረው ፕሮግራመር ሁሉ እሷን ይመዛል። ሊኑክስ ራሱ ለዓመታት እንዲህ ያደርግ ነበር። አንድ ድራይቨር በአይኦ-ኮንትሮል በኩል የመጣለትን ጥያቄ አላውቀውም ሲል፣ ከርነሉ ያንን ወደ 22 ቀይሮ ለፕሮግራሙ ያቀብለው ነበር። ፕሮግራሙ ታዲያ ምን ይወቅ? ጥያቄው ታውቆ ነው ያቀረብኩት ዋጋ የተሳሳተው፣ ወይስ ጥያቄው ከነጭራሹ አይታወቅም? በመጀመሪያው ዋጋውን አስተካክሎ መድገም ነው፣ በሁለተኛው መተው። በጥር (ጃንዋሪ) 2012 ሊኑስ ቶርቫልድስ ይህን አስተካከለ፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ ከዚያ ወዲህ 25ን ይመልሳል። አሮጊቷ የጽሕፈት መኪና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ (ዲሴምበር) ላይ ደግሞ ትልቁ ጠብ መጣ። ለሊኑክስ 3.8 በሚዘጋጀው ከርነል ውስጥ የገባ አንድ የቪዲዮ ድራይቨር ለውጥ፣ አንድ አይኦ-ኮንትሮል ሳይሳካ ሲቀር ቁጥር 2ን፣ እንዲህ የሚባል ፋይል የለም የሚለውን፣ እንዲመልስ አደረገው። ወዲያው አንዳንድ የተጠቃሚ ፕሮግራሞች መዛባት ጀመሩ። የክፍሉ ኃላፊ ጥፋቱ የፕሮግራሞቹ ሊሆን ይችላል ሲል ቶርቫልድስ ገነፈለ። ክርክሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አይኦ-ኮንትሮል የሚጠራው በተከፈተ ፋይል ላይ ነው፤ ፋይሉ እጅህ ላይ እያለ እንዴት የለም ትላለህ? ሁለተኛ፣ ከርነል ተለውጦ ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ከተበላሸ ጥፋቱ ምንጊዜም የከርነሉ ነው። አነጋገሩ እጅግ ሸካራ ነበር፤ በ2018 ስለ ጠባዩ በጠቅላላው ይቅርታ ጠይቋል። በነገሩ ግን ልክ ነበር ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ የሚጎረብጥ ነገር አለ። ቁጥር አንዴ ከወጣ ቃል ኪዳን ይሆናል፤ ስህተት የሆነ ቁጥርም ጭምር። እሱን ተማምኖ የተጻፈ ፕሮግራም የሆነ ቦታ ይኖራል።

መንትዮቹ

ይሄ ሁሉ ከመሆኑ በፊት «ገብቶኛል፣ ግን ይሄኛው ይህን አይችልም» የሚል ግልጽ ቁጥር አልተፈጠረም ወይ? ተፈጥሯል። ችግሩ መብዛቱ ነው።

በ1983 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩኒክስ፣ 4.2 ቢኤስዲ፣ ለኔትወርክ ሶኬቶችን ሲያመጣ ኢ-ኦፕኖትሰፕን ይዞ መጣ፦ ይህ ሶኬት ያንን ድርጊት አይደግፍም። ፖዚክስ የሚባለው የጋራ መስፈርት ደግሞ ለሶኬት ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው የሚያገለግል ኢ-ኖትሰፕ የሚል ሌላ ስም አስመዘገበ። ሊኑክስ ሁለቱንም ስሞች ለአንድ ቁጥር ሰጣቸው፣ ለ95። ማክኦኤስ ለያያቸው፤ አንዱ 45፣ ሌላው 102 ነው። እሺ፣ ይህም ይሁን።

ሊኑክስ ውስጥ ግን ሦስተኛ አለ፣ ቁጥር 524፣ ለከርነሉ የውስጥ ሥራ ብቻ የታሰበ። ስሙ ከኢ-ኖትሰፕ የሚለየው መጨረሻው ላይ አንድ ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ፒ በመኖሩ ነው። በኛ ፊደል ብንጽፋቸውማ ልዩነቱ ጨርሶ አይታይም፤ ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም፣ «ገና» የሚለውን በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው ከአገባቡ እንደምንለየው። የእንግሊዝኛ ተጠቃሚዎቹም ቢሆኑ አልተሻሉም። ድራይቨር ጻፊዎች አንዱን ለሌላው እያሳሳቱ ይጽፉታል። 524 ወደ ውጭ አምልጦ ሲወጣ የሚያውቀው ስለሌለ ተጠቃሚው ፊት «ያልታወቀ ስህተት 524» የሚል ይደቀናል። ከዚህ ቁጥር ጋር አንድ ቀን ብትገናኙ ምስጢር አይደለም፤ አንድ ፒ በዝታ ነው።

95 በቦታዋ ስትውል ምን እንደምትሠራ ልንገራችሁና ወደ ፍላሻችን እንመለስ። ትልቅ ፋይል ሊያወርድ የተዘጋጀ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ይችላል። አንዳንድ የፋይል አደረጃጀቶች ይህን በቅጽበት ያደርጋሉ፣ አንዳንዶቹ አይችሉም። የማይችለው 95 ብሎ ከመለሰ ሊኑክስ ላይ ያለው የሲ ቤተ መጻሕፍት ነገሩን ይረዳና በአሮጌው መንገድ፣ በየብሎኩ እየጻፈ፣ ቦታውን ይይዛል። ያው የማይችለው በስንፍና 22 ቢል ግን ቤተ መጻሕፍቱ ጠያቂው ተሳስቷል ብሎ ሥራውን እዚያው ያቆመዋል። ማሽኑ ያው፣ ዲስኩ ያው፤ የተለየው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ፍላሹስ? ሊኑክስ ሲምቦሊክ ሊንክ በማያውቅ የፋይል አደረጃጀት ላይ ዛሬም 1ን ይመልሳል። መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ፎልደር መፍጠር በማይችል አደረጃጀት ላይ ፎልደር ለሚፈጥርም መልሱ ያው 1 ነው። 95 ይሻል እንደነበር ለመናገር ብዙ ማሰብ አያሻም። ነገር ግን ቁጥሩ ወጥቷል፣ ተጽፏል፣ ፕሮግራሞች ለምደውታል።

ቁጥር 25ን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞች ከከርነሉ ጋር የሚነጋገሩትን የሚያሳይ ኤስትሬስ የሚባል መሣሪያ አለ። የፋይሎችን ዝርዝር የሚያወጣውን ኤልኤስ በእሱ በኩል አስነሱትና ውጤቱ ወደ ፋይል እንዲገባ አድርጉ። ዝርዝሩን በዓምድ ልደርድር ወይስ በየመስመሩ ላውርድ ብሎ ለመወሰን ኤልኤስ መጀመሪያ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከሚወርዱት መስመሮች መካከል የፋይሉን መልስ ታገኙታላችሁ፦ ኢ-ኖት-ቲቲዋይ፣ የጽሕፈት መኪና አይደለሁም።